የሐጂ ሷሊሕ ቮልስ

አህያዋን አልገጨናትም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ወሬው ሰፈራችን አራዳ ሲደርስ አህያዋ ሞታ፣ ባለቤቷም እግሩ ተሰብሮ፣ እኔም ሆስፒታል ተኝቼ ነበርና። የሆነው ይህ ብቻ ነው። ከኮላ ድባ ገበያ ስንመለስ፣ አዘዞ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን፣ ጀምበር ጠልቃ መንገዱ ግራጫ በሆነበት ሰዓት፣ አባቴ ከፊታችን ጤፍ ተጭና የምትሄደውን አህያ አላያትም። ባለቤቷ «ኧረ በመድኃኔዓለም!» ብሎ ሲጮህ ነው ፍሬን የረገጠው። ቮልሷ ተንሸራታ ቆመች። የአህያዋ ጭራ ኮፋኖውን ነካ አድርጎት አለፈ።

«መብራቱ ጠፋብኝ» አለ አባቴ። «አየሽ አይደል ሰሚያ? ድርግም አለ እኮ!»

እኔ አላየሁም። እግሬ ሥር የወደቀ የጨርቅ ጥቅል ላነሳ ጎንበስ ብዬ ነበር። ቀና ስል ያየሁት የአህያዋን ጀርባ ነው። መብራቱ በርቶ ይሁን ጠፍቶ ልብ አላልኩም።

«እንጃ አባባ፣ ጎንበስ ብዬ ነበር» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ግን መብራቱ እስከ ቤት ድረስ በርቶ ነበር። እሱን እያየሁ ነው የመጣሁት።

አባቴ ሐጂ ሷሊሕ አራዳ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። ቮልሷ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ልጆቹ እኔና ሒክማ ብቻ ነን፣ ወንድም የለንም። እኔን ሲድረኝ ባሕር ዳር ድረስ ራሱ በቮልሷ ነድቶ አደረሰኝ፤ ትዳሩ አልበረከተም እንጂ መንገዱስ ሸጋ ነበር። አሁን ደግሞ ተራው የሒክማ ነው። ረመዳን አልፎ፣ መስከረም ገብቶ፣ እሑድ ወደ ዳባት ልትሄድ ነው። የሙሽራው ወገኖች ላንድክሩዘር እንላክ ቢሉት አባቴ ተቆጣ። «ልጄን ከእጄ ነው የምትቀበሏት» አላቸው። በቃ፣ ነገሩ በዚህ ተዘጋ።

ወደ ዳባት የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። አምባ ጊዮርጊስን ካለፉ በኋላ፣ ክረምቱ ገና ጠቅልሎ ባልወጣበት በዚያ ወቅት፣ ጉሙ በጠራራ ቀን መጥቶ ሜዳውን ይውጠዋል። በዚያ ላይ መንገዱ እየተሠራ ስለነበር ጠጠር የጫነ ሲኖትራክ ይርመሰመስበታል። አህያ ያላየ ሰው እዚያ ምን ሊያይ ነው? እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ጥያቄው አንድ ነበር፤ የጠፋው መብራቱ ነው ወይስ የአባቴ ዓይን? መብራቱ ከሆነ ይሠራል። ዓይኑ ከሆነ ግን አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ «አባባ፣ አንተ ሒክማን አትወስዳትም» ሊለው ነው። ያ ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር ማንም ሊሆን አይችልም።

እርግጥ ጨርቅን በዓይኑ ሳይሆን በጣቱ ማየት ከጀመረ ቆይቷል። ደንበኛ ቀለም ሲያማርጥ «ወደ በሩ ወጣ አድርጊና ራስሽ እይው» ይላል። ሰውን ሰላም የሚለው ድምፁን ከሰማ በኋላ ነው። እናቴም የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ትታ በእጁ ታስይዘዋለች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። የነጋዴ ብልሃት፣ የሽማግሌ እርጋታ፣ የሚስት ፍቅር እያልኩ ለእያንዳንዱ ስም ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

ጁሙዓ ጠዋት ቮልሷን ይዤ ወደ አያ ክንዱ ጋራዥ ሄድኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ አባቴ ግን ከአዘዞ ወዲያ ነድቼ እንድሄድ ፈቅዶልኝ አያውቅም። አያ ክንዱ የወገራ ሰው ናቸው። ቮልሷን ከእኛ ቤት ሰው ሁሉ የበለጠ አውቃታለሁ ባይ፣ ተቆጪ፣ አላውቅም ማለት የማይወዱ መካኒክ። ስለ አህያዋ ዝም ብዬ መብራቱ ይጠፋል ብቻ አልኩ። እጃቸውን በመስኮት አስገብተው ማብሪያውን ሳቡት። ሁለቱም መብራቶች ቦግ አሉ።

«ሸጋ መብራት ነው» አሉ። «ምነው መጣሽ?»

«ደግመው ይዩት አያ ክንዱ። አንዳንዴ ድርግም ይላል።»

አጠፉት፣ አበሩት። አጠፉት፣ አበሩት። ሞተሩን አስነስተው አበሩት። መብራቶቹን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጓቸው። የኋላ ወንበሩን አንስተው የባትሪውን ጫፎች ፈትተው ጠርገው አሠሩ። ፊውዞቹን አንድ በአንድ አውጥተው ወደ ብርሃን እያነሱ አዩ። ሽቦዎቹን ጎተቱ። ያቺ ቮልስ እንደዚያን ቀን ጤነኛ ሆና አታውቅም።

«ሐጂ ዕድሜያቸው ስንት ሆነ?» አሉ አያ ክንዱ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። ቀስ ብለው ነው የጠየቁት።

«ዕድሜው እዚህ ምን አገባው?» አልኩ። ጮኬ ነበር መሰለኝ፣ ከጎን ጎማ የሚጠግኑት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። «የመጣሁት ለሽቦ ነው። ሽቦውን ይጠይቁልኝ!»

አልተቆጡም። ይህ ደግሞ የባሰ አስፈራኝ፤ አያ ክንዱ ሲጮኹባቸው ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩምና።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው 'ደህና ናት በለኝ' እያለ ሲለምነኝ ነው የኖርኩት። 'ታማለች በለኝ' የሚል ሰው ዛሬ ገና አንቺን አየሁ።»

እውነታቸውን ነው። እንባዬ ስለመጣብኝ እንዳያዩኝ መኪናዋ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ። መብራቱ ግድግዳው ላይ እንደበራ ነው። የአያ ክንዱ ጋራዥ ጨለም ያለ ነው፤ በጥላሸት መካከል ኖራ የተቀባች አንዲት ነጭ ግድግዳ አለች፣ መብራት የሚሞክሩት እሷ ላይ ነው። ሁለት ክብ ብርሃኖች እዚያ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። እንዲጠፉ ለመንኳቸው። ያ አላህ፣ አንዴ ብቻ ይጥፉ አልኩ።

እግሬን ዘረጋሁ። በዚያ ዘመን ቮልስ ረጅሙንና አጭሩን መብራት የሚቀያይረው በእጅ ሳይሆን በእግር ነው፤ ከፍሪሲዮኑ በስተግራ ወለሉ ላይ ቁልፍ መሳይ ነገር አለች፣ እሷን ሲረግጧት ከረጅም ወደ አጭር፣ እንደገና ሲረግጧት ከአጭር ወደ ረጅም ይቀየራል። አባቴ ሁልጊዜ ግራ እግሩን እሷ ላይ አሳርፎ ነው የሚነዳው። እኔም ሳላስበው እንደ እሱ አሳረፍኩ።

ግድግዳው ጨለመ።

«ጠፋ!» ብዬ ጮኽኩ። «አያ ክንዱ፣ ጠፋ! ጠፋ!» ቤቱ የሚቃጠል የመሰላቸው ሰዎች ከጎረቤት ሱቅ ሮጠው መጡ። እግሬን ሳነሳ በራ፣ መልሼ ሳሳርፍ ጠፋ። እየሳቅሁ አለቅስ ነበር።

አያ ክንዱ ወደ ኋላ ዞረው አዩ፣ የኋላው መብራት እንደበራ ነው። ወደ ፊት መጡ። «ሁለቱ የፊት መብራቶች ባንዴ ጠፉ፣ የኋላው አልጠፋም» አሉ፤ ከመጀመሪያውም ያወቁት ይመስል። «እንግዲያስ ባትሪም አምፖልም አይደለም። ሁለቱ ከሚገናኙበት ከዚችው ከእግር ማብሪያዋ ነው።» ምንጣፉን ገለጡት። ከሥሩ ያለው ብረት በስብሶ ቀይ ሆኗል፣ የሽቦዎቹ ጫፍ አረንጓዴ ሻግቷል።

«ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ጣሪያዋ አያፈስ፣ መስታወቷ ደህና።»

እኔ ግን ወዲያው ገብቶኛል። አባቴ ያለ ውዱእ መንገድ ወጥቶ አያውቅም። ለሰላት ብቻ አይደለም፤ ኮላ ድባ ለመሄድም፣ ጠዳ ለመሄድም፣ ሱቅ ለመሄድም ታጥቦ ነው መሪ የሚይዘው። ቮልሷን ምንጣፍ አልብሷት እንደ ቤት ስለሚያያት በጫማ አይገባባትም፤ ሸበጡን በር ላይ አውልቆ በባዶ እግሩ ይገባል። ውዱእ ላይ ደግሞ በመጨረሻ የሚታጠበው ግራ እግር ነው። ያ ውሃው የሚንጠባጠብ ግራ እግር ስንት ዘመን ሙሉ ያረፈው እዚያች ማብሪያ ላይ ነው።

ስነግራቸው አያ ክንዱ ከት ብለው ሳቁ። «እኔ ደግሞ የዝናብ ውሃ መስሎኝ! ለካ ሐጂ ሲታጠቡ እሷንም አብረው ያጥቧታል!»

ለዝገት አልሐምዱሊላህ ያልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ስልኬን አውጥቼ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። «እማዬ፣ መብራቱ ነው! እውነትም መብራቱ ነው!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች እናቴ። ደስ ያላት ሰው ድምፅ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ የሠርጉ ድካም ነው አልኩ፤ ለዚህም ስም አገኘሁለት።

አባቴ ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ወደ ጋራዡ መጣ። አያ ክንዱ ማብሪያዋን ፈትተው በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው፣ የሽቦዎቹን ጫፍ ቆርጠው አዲስ አድርገው አስረዋታል። ተኩራርተው የዝገቱን ነገር ሁሉ አጫወቱት። «እስቲ ይግቡና ይሞክሯት ሐጂ!» አሉት። አባቴ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። ሸበጡን አወለቀና ገባ። «ብዬሽ አልነበር?» አለኝ በመስኮቱ። «ድርግም አለ ብዬሽ አልነበር?»

«ብለኸኛል አባባ።»

ማብሪያውን ሳበ። ወደ ግድግዳው ትክ ብሎ አየ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለ። «ሁለቱም በሩ! እንዴት ያለ ብርሃን ነው!»

ግድግዳው ላይ ያለው ብርሃን አንድ ነበር፣ የቀኙ ብቻ። አያ ክንዱ መጥረግ ሲጀምሩ ያንንም ልጥረገው ብለው የግራውን መስታወት ፈትተው አምፖሉን አውጥተው ነበር፤ በወሬያችን መሃል መመለሱን ረስተውታል። አምፖሉ መዳፋቸው ላይ ነው። እኔ አየሁት፣ እሳቸውም እኔን አዩኝ። ቀስ ብለው ጣቶቻቸውን ሰብስበው ጨበጡት።

የዝምታችን ርዝመት ነው ያጋለጠን።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ አባቴ።

«ምንም ሐጂ» አሉ አያ ክንዱ።

አባቴ ወረደ። አንድ እጁን ኮፋኖው ላይ እያስኬደ ወደ ፊት መጣና መዳፉን የቀኙ መብራት ላይ አሳረፈ። ሞቆ ነበር መሰለኝ ትንሽ ቆየበት። ከዚያ ወደ ግራው ሄደ። መስታወቱ መኖር በነበረበት ቦታ ጣቶቹ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። እዚያው ቆመ። ፊቱን ለማየት አቅም አጣሁ። ቢጮህ፣ አያ ክንዱን ቢሰድብ፣ ምነው አሾፋችሁብኝ ቢል እንዴት በወደድኩ!

«ክንዱ» አለ በመጨረሻ፣ «አምፖሏን መልስላት። ልጄ መንገድ አለባት።»

ሸበጡን ፈልጎ አጠለቀ። አብሬህ ልሂድ ስለው «ተዪኝ፣ ይህን መንገድ አውቀዋለሁ» አለና በእግሩ ወጣ። አያ ክንዱ ጎንበስ ብለው አምፖሉን ገጠሙ።

ቅዳሜን እንዴት እንደዋልን አላህ ያውቃል። ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል፣ የሒክማ እጅና እግር ሒና ተቀብቷል፣ ይዘፈናል፣ ይሳቃል። አባቴ ከእንግዶች ጋር ተቀምጦ ይጫወታል። የቮልሷ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነው። ስለ ጋራዡ አንድም ነገር አላነሳም። እናቴን ወጥ ቤት ለብቻዋ አገኘኋት።

«አላየም እማዬ። አንዱን መብራት ሁለት ነው አለ።»

ሽንኩርቱን መክተፍ አላቆመችም። «እኔ ካወቅሁ ዓመት አለፈኝ» አለች።

«ምነው ታዲያ ሳትነግሪኝ?»

«እሱ ሳይናገር እኔ ምን ብዬ ልናገር? ሲጨልምበት እጄን ይፈልጋል፣ እሰጠዋለሁ። ከዚህ ሌላ ተነጋግረን አናውቅም።»

«ነገ መሪውን ቢይዝስ?»

ቢላዋውን አስቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ በሽንኩርቱ ይሁን በሌላ እንጃ። «ሒክማም እኔም ከኋላ እንቀመጣለን» አለች። «ከእሱ ጋር ነው የምንሄደው።»

ይህ መልስ ነው? እኔን ግን አጥንቴ ድረስ አስፈራኝ። እሷ ዝም ብላ ልትሳፈር ቆርጣለች። እንግዲያስ የምከለክለው እኔ ነኝ፣ ያውም በሙሽራው ወገኖች ፊት፣ በሠርጉ ዕለት። በአራዳ ሰው ሁሉ ፊት አባቴን ዕውር ልለው ነው። የምናገረውን ቃል ደጋግሜ አዘጋጀሁ፣ ሁሉም አፌ ላይ መረረኝ።

እሑድ ጠዋት ሽኝቱ በር ላይ ተሰበሰበ። አባቴ እንደ ልማዱ ጓሮ ገብቶ ውዱእ አደረገ። ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ እግሩ እንደረጠበ፣ በሰው መካከል አልፎ መጣ። ሒክማና እናቴ ከኋላ ተቀምጠዋል። ቀጥ ብሎ ወደ መሪው በር ሄደ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋብኝ። እግሬ ብቻ ተንቀሳቀሰና በሩ ጋ ደረስኩ። «አባባ» አልኩ።

በሩን ከፈተው። አልገባም። ይዞት ቆመ።

«ግቢ» አለኝ። ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከእጁ ውሃ የተነሳ ቁልፉ ርጥብ ነበር።

ከዚያ እጁን ኮፋኖው ላይ እያስኬደ በፊት በኩል ዞረ፣ የወዲያኛውን በር አገኘው፣ ሸበጡን አውልቆ ከጎኔ ተቀመጠ። እግሩን ሲዘረጋ ቆም አለ። «በዚህ በኩልስ የሚዝግ ነገር አለ?»

«የለም አባባ።»

«ሸጋ» አለ።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ ደህና ነበርን። ሒክማ ከኋላ ታወራለች፣ እናቴ አላህን እያወሳች ዚክር ታደርጋለች፣ የሙሽራው ወገኖች መኪና ከፊታችን ይሄዳል። ከከተማዋ እንደወጣን ጉሙ መጣ። ከፊታችን የነበረው መኪና ጠፋ። መንገዱ ጠፋ። ከራሴ ኮፋኖ ወዲያ የሚታየኝ ነገር አልነበረም። ላቁም ብል ከኋላ የሚመጣ ሲኖትራክ ይወጣብናል፣ ልሂድ ብል ጠርዙ የት እንደሆነ አላውቅም።

«አባባ፣ አይታየኝም» አልኩት።

«እኔም አይታየኝም» አለ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «አጭሩን አብሪ። ረጅሙ ጉሙ ላይ አንፀባርቆ ዓይን ይወጋል። መስኮትሽን ክፈቺ፣ እኔም እከፍታለሁ። ቀኝ ጎማሽ ጠጠር ሲረግጥ እነግርሻለሁ፣ ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ግራ ትያለሽ።»

በዝግታ ሄድን። «ጠጠር» ይለኛል፣ እመልሳለሁ። «ደህና ነሽ» ይለኛል፣ እቀጥላለሁ። ከዚያ አባቴ ራሱን ወደ መስኮቱ ሰበር አደረገ፤ ግራ እግሩ ምንጣፉን ሁለት ጊዜ ረገጠ። እዚያ ምንም ማብሪያ የለም፤ ልምዱ ነው። በጉም ውስጥ መኪና ሲመጣ «አለሁ» ለማለት መብራቱን ረጅምና አጭር እያደረገ ነበር የሚያልፈው። እኔ የሰማሁት ነገር የለም። ግን የሱን እግር አይቼ የኔን ሁለት ጊዜ ረገጥኩ፣ ወደ ዳርም ጠጋ አልኩ። መብራቷ አልከዳችንም። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ ሁለት ደብዛዛ መብራቶች ወጡ፣ እነሱም ብልጭ ብልጭ አሉ፣ ጠጠር የጫነው ሲኖትራክ መስኮታችንን እያንቀጠቀጠ በጎናችን አለፈ።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ትቼ የአባቴን እግር መጠበቅ ጀመርኩ። ይረግጣል፣ እረግጣለሁ። ይመጣሉ፣ ያልፋሉ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ብቻዬን ግን አልፈራሁም።

ዳባት ስንደርስ የሙሽራው አጎት ሸኽ ዐብዱልከሪም በሩ ላይ ቆመው ነበር። ወገኖቻቸው ቀድመውን ደርሰው ስለ ጉሙ ነግረዋቸዋል፣ በሐሳብ ሲናጡ ቆይተዋል። አባቴ ሲወርድ አቀፉት። «ሐጂ፣ በዚህ ጉም ነድተው መጡ? ማሻአላህ፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው!»

ሰው ሁሉ ይሰማል። አባቴ ዝም ቢል ማንም ምንም አይለውም ነበር።

«የነዳችው ሰሚያ ናት» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ ዓይኔ አያይም።»

እናቴ በእጇ አፏን ያዘች። አባቴ ቀኝ እጁን ለሒክማ ዘረጋላት፤ በሒና የቀላውን እጇን ይዞ ከመኪናዋ አወረዳት። ከዚያ ግራ እጁን በአየር ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። የሚጠብቀው እኔን መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። ሄጄ ያዝኩት።

«ደረጃ አለ አባባ» አልኩት፤ ወጣን።